ክፈፉ ያስቀረው ግመል
ስለ ሌንስ ቁጥር፣ ስለ ሴንሰር ስፋትና ስለ ሰርዶ ሜዳ ፎቶግራፎች

የፎቶግራፍ ሐያሲ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንድ ጥያቄ አለ። በክፈፉ ውስጥ ስለሚታየው ሰው፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ጥላው፣ ስለ ፊቱ ገጽታ በሰፊው ይጽፋል፤ ከክፈፉ ውጭ የቀረውን ግን ማን እንዳስቀረው አይጠይቅም። ፎቶ አንሺው ራሱ አስቦና መርጦ አስቀርቶት ይሆን? ወይስ በእጁ የያዘው መሣሪያ ሳያማክረው ቆርጦ ጥሎበት ይሆን? ይህ ጥያቄ የባለሙያዎች የጓዳ ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን መልሱ ካልታወቀ ሐያሲው የመሣሪያውን ጠባይ የከያኒው ራእይ አድርጎ ሊያወድስ፣ ተመልካቹም የአንድን አገር ሕዝብ ከእውነቱ አሳንሶ ሊያይ ይችላል።

ለዚህ ጥያቄ ከሰርዶ ሜዳ የተሻለ መፈተኛ ማግኘት ያስቸግራል። ሰርዶ ሎጊያንና ሰመራን አልፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው በዋናው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ የአፋር ከተማ ናት። ጎዳናው ቀድሞ የአሰብ ወደብን፣ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ በተለይ የጅቡቲን ጭነት ይሸከማል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ተዘርግቷል። በዚያ ሜዳ ላይ ዓይንን የሚከለክል ዛፍም ሆነ ግንብ እምብዛም የለም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ባነሳ ቁጥር ክፈፉ የት መጀመርና የት ማብቃት እንዳለበት ምድሩ አይነግረውም። በከተማ ውስጥ የግንቡ ጥግ ወይም የመንገዱ ጠርዝ የሚሰጠውን እርዳታ ሰርዶ አይሰጥም። ወሰኑን የሚያበጀው ፎቶ አንሺው ነው፤ እርሱ ካላበጀው ደግሞ ካሜራው ያበጅለታል።

የአፋር ሕዝብ ስለ ማየትና ስላዩት ነገር ስለ መናገር የቆየ ሥርዓት አለው፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የጣለው የት ነው፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ ይባባላሉ። በዳጉ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ ማቅረብ፣ የት ሆኖ እንዳየም መናገር ይጠበቅበታል። ወሬውን የሚቀበለው ሰው ከብቱን የሚነዳው በዚያ ወሬ ላይ ተማምኖ ነውና የተዛባ ዳጉ ዋጋ ያስከፍላል። ፎቶግራፍም ወሬ ነው። እንግዲህ የሰርዶን ሜዳ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በዳጉ ሥርዓት ቢመዘን ምን ያህሉ ይቆማል?

አንድ ሌንስ፣ ሦስት ክፈፍ

ነገሩን በምሳሌ መግለጽ ይቻላል። አንድ ፎቶ አንሺ በሰርዶ አጠገብ ቆሞ በ100 ሜትር ርቀት ላይ በጎኑ የሚያልፍ የግመል ጓዝ ይመለከታል እንበል። ከአንዱ ግመል እስከ ተከታዩ ያለው ርቀት 4 ሜትር ይሁን። በእጁ የያዘው የማያቀርብ፣ የማያርቅ፣ የትኩረት ርቀቱ ቋሚ የሆነ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ሌንሱን በየተራ በሦስት ካሜራዎች ላይ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ገጽ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ እንደ ቀድሞው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለተኛው 23.5 በ15.6፣ የሦስተኛው 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም መጠኖች በዓለም ገበያ የተለመዱ ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሴንሰሩ ወርድ በሌንሱ የትኩረት ርቀት ተካፍሎ በነገሩ ርቀት ሲባዛ በክፈፉ ውስጥ የሚገባው ስፋት ይገኛል። በመጀመሪያው ካሜራ 72 ሜትር ይገባል፤ ይህም 18 ግመል ነው። በሁለተኛው 47 ሜትር፣ ወደ 12 የሚጠጋ ግመል ይገባል። በሦስተኛው ወደ 35 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይገባል፤ ግመሎቹም ከ9 አይበልጡም። ሌንሱ አልተለወጠም፤ ፎቶ አንሺው ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ጓዙም ያው ጓዝ ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ካሜራ ግማሽ ያህሉ ጓዝ ጠፍቷል። ከግመሎቹ ኋላ የምትከተለው ሴት ወይም ፊት ፊት የሚመራው ሽማግሌ ከጠፉት መካከል ከሆኑ፣ ፎቶግራፉ ጌታ የሌላቸው እንስሳት በምድረ በዳ ሲንከራተቱ ያሳያል።

በዚህ ላይ በባለሙያዎች መካከል እንኳ የተለመደ አንድ የአነጋገር ስሕተት አለ። «50 ሌንስ በትንሹ ካሜራ ላይ ሲገጠም 75 ይሆናል» ይባላል። ሌንሱ ግን ምንም አይሆንም። የትኩረት ርቀቱ በመስታወቶቹ ቅርጽና አቀማመጥ የተወሰነ ነውና በየትኛውም ካሜራ ላይ 50 ነው። ሌንስ ወደ ኋላው የሚጥለው ምስል እንደ እንጀራ ክብ ነው፤ ሴንሰሩ ከዚያ ክብ ላይ አራት ማዕዘን ቆርሶ ይወስዳል። ቆራሹ ጥቂት ስለ ወሰደ እንጀራው አላነሰም። 36 በ24 የሆነው ሴንሰር የሚወስደውን ሙሉ ብንለው፣ 23.5 በ15.6 የሆነው ከዚያ 42 ከመቶ ያህሉን ብቻ፣ 17.3 በ13 የሆነው ደግሞ 26 ከመቶ ያህሉን ብቻ ይወስዳል። የተወሰደው ቁራሽ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ትንሹ ይበልጥ መጎላት አለበት። ግመሉ ቀርቦ የሚታየው ስለ ጎላ ነው እንጂ ሌንሱ ስላቀረበው አይደለም። የቀረው የጓዙ ክፍል የዚህ መጉላት ዋጋ ነው።

የተማሪ ቤቱ ጂኦሜትሪም ይህንኑ በማዕዘን ይናገራል። የ50 ሌንስ አግድም የእይታ ማዕዘን በ36 በ24 ሴንሰር ላይ 40 ዲግሪ ያህል ነው። በ23.5 በ15.6 ላይ 26 ዲግሪ፣ በ17.3 በ13 ላይ ከ20 ዲግሪ ትንሽ ያነሰ ይሆናል። የመጀመሪያውን ማዕዘን በሌሎቹ ካሜራዎች መልሶ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው በሁለተኛው ላይ 33 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በሦስተኛው ላይ 24 ሚሊ ሜትር ያህል የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ መግጠም ይኖርበታል። ስለዚህ በሌንስ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻውን ስለ እይታ ስፋት ምንም አይናገርም። በኪስ ስልክ ላይ ያለው ዋና ሌንስ እውነተኛ የትኩረት ርቀቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ሆኖ ሳለ እይታው እንደ ቀድሞው 24 ወይም 26 ሌንስ ብቻ የሚሰፋው ሴንሰሩም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው።

የ50 ቁጥር ክብር ከየት መጣ

ሰው ሁሉ በ36 በ24 ሚዛን የሚናገረው በታሪክ አጋጣሚ ነው። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ በ1913 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጀመሪያውን ትንሽ ካሜራ ሲሠራ የሲኒማ ፊልም ይዞ፣ የሲኒማውን 18 በ24 ክፈፍ አጥፎ 24 በ36 አደረገው። ካሜራው ላይካ ተብሎ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ የተገጠመለት ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር ነበር። የዚያ ክፈፍ ሰያፍ መስመር 43 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 50 ለእርሱ የተመጣጠነ ሌንስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ «መደበኛ» የሚለው ስም በቁጥሩ ላይ ተለጠፈ፤ ክፈፉ ተዘነጋ፤ ቁጥሩ ብቻውን ቀረ። ፊልማቸው 6 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሜራዎች መደበኛ ሌንሳቸው 80 ሚሊ ሜትር መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ግን መደበኛነት የዝምድና ጉዳይ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩት ካሜራዎች ሲመጡ ነገሩ ተወሳሰበ። ሴንሰር የሚሠራበት የሲሊኮን ገበታ ውድ ነው። ሴንሰሩ ሲተልቅ ከአንድ ገበታ የሚወጣው ቁጥር ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ላይ እንከን የመገኘት ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ ኒኮን በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲ1 የተሰኘው ካሜራ ከፊልሙ ያነሰ ሴንሰር ነበረው፤ የሚቀበለው ግን ለፊልም የተሠሩትን ሌንሶች ነበር። ካኖን 24 በ36 የሆነ ሴንሰር ያለውን ካሜራ ያቀረበው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዋጋው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነበር። እስካሁንም አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካሜራ ከሰፊው ይልቅ ርካሽ ነው። እንግዲህ የክፈፍ ጥበት የኪስ ጥበት ልጅ ነው ማለት ነው። ከቀድሞ ዘመን የተረፈ የ50 ወይም የ58 ሌንስ ያገኘ ወጣት በርካሽ ካሜራ ላይ ሲገጥመው፣ ያ ሌንስ በተሠራበት ዘመን ያልነበረ ጠባብ ዓይን ይሆንበታል። ወጣቱ በዚህ አይወቀስም። የሚወቀሰው ይህን ሳያውቅ ውጤቱን የራሱ ምርጫ አድርጎ የሚያቀርብ፣ ይልቁንም ይህን ሳይጠይቅ የሚያደንቅ ሐያሲ ነው።

ወደ ኋላ የመራመድ ዕዳ

«ክፈፉ ከጠበበ ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ይራመድ» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። አንዲት የአፋር ሴት በራሷ አሪ፣ ማለትም ከእንጨት ዘንጎችና ከሰሌን በሠራችው ቤት ፊት ለፊት ቆማለች እንበል። ፎቶ አንሺው ከእርሷ በ4 ሜትር፣ ቤቱ ከኋላዋ በ12 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። በሰፊው ሴንሰርና በ50 ሌንስ ሴቲቱ ባለችበት ርቀት 2.9 ሜትር ያህል ስፋት ይገባል። በ23.5 በ15.6 ሴንሰር ግን 1.9 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። የጎደለውን ለመመለስ ፎቶ አንሺው እስከ 6.1 ሜትር ድረስ ማፈግፈግ አለበት። አሁን ክፈፉ ተመልሷል፤ ግንኙነቱ ግን ተለውጧል። ከ4 ሜትር ላይ ቤቱ ከሴቲቱ አራት እጥፍ ይርቅ ነበር፤ ከ6.1 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ይርቃል። ስለዚህ በፎቶግራፉ ቤቱ ከሴቲቱ አንጻር ገዝፎና ቀርቦ ይታያል። የነገሮችን አንጻራዊ መጠን የሚወስነው ፎቶ አንሺው የቆመበት ስፍራ ነው፤ ሌንሱና ሴንሰሩ የሚወስኑት ከዚያ ስፍራ ከሚታየው ምን ያህሉ እንደሚቆረጥ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ የማያውቅ ሰው የፎቶግራፍን ሰዋስው አያውቅም።

ከዚህም በላይ ወደ ኋላ መራመድ የማይቻልበት ስፍራ አለ። የአሪው ውስጥ እንዲህ ያለ ስፍራ ነው። በ2 ሜትር ርቀት የ50 ሌንስ በሰፊው ሴንሰር 1.4 ሜትር፣ በትንሹ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያሳያል። እናት፣ ሕፃንና የወተት ዕቃ በአንድ ክፈፍ ሊገቡ አይችሉም፤ አንዱ ይቀራል። በዚያ ቤት ውስጥ የ24 ሌንስ እንኳ በሰፊው ሴንሰር 3 ሜትር ሲያሳይ በ23.5 በ15.6 ላይ 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ፎቶ አንሺው ውስጡን ትቶ ወደ ደጅ ሲወጣ፣ የአፋር ሕይወት በፎቶግራፍ የደጅ ሕይወት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቤት ሠሪዋ፣ አስተናጋጇና እናቲቱ ከሥዕሉ ይጠፋሉ። ቀድሞም ቢሆን ስለ አፋር የተነገረው በአብዛኛው ስለ በረሃና ስለ ጦረኛ ወንድ ነበርና፣ የክፈፉ ጥበት የቆየውን አድልዎ ያጠናክረዋል።

ባዶነት የማን ነው?

የውጭ አገር ተጓዦች ይህን ምድር ባዶ አድርገው ማየት የጀመሩት ካሜራ ከመጥበቡ በፊት ነው። በ1920 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ አገሩን ወደ ሰሜን ያቋረጠው መሐንዲስ ኔስቢት የጻፈው መጽሐፍ በአሜሪካ ሲታተም «የፍጥረት የሲኦል ጉድጓድ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ተሰጠው። በ1926 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ፣ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅበትን የአቤ ሐይቅን አይቶ ወደ ታጁራ ወጣ። የእርሱ የፎቶግራፍ ስብስብ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ያዩትን አገር ሰው ኖሮበታል፣ ውሃውን በስም ያውቀዋል፣ ግጦሹን ይካፈለዋል። «ሲኦል» የሚለው ቃልም ክፈፍ ነው፤ ከውጭ ያስቀረው ሕዝብ አለ።

ሰርዶ ራሷ የክፈፍን ዋጋ በመራራ መንገድ አስተምራለች። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋ ፈርሳለች፤ ሰውም ሞቷል። አባ ፒየር ጉዋን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ የሰርዶ አደጋ የራሱን ስፍራ ይዟል። እንዲህ ያለ አደጋ በጠባብ ክፈፍ ሲነሳ አንድ የወደቀ ግድግዳ ይታያል። አንድ የወደቀ ግድግዳ ግን በእርጅና የፈረሰ ቤት ሊሆን ይችላል። የከተማ መፍረስ የሚታወቀው ግድግዳው ከጎረቤቱ ግድግዳ ጋር፣ ጎረቤቱም ከመንገዱ ጋር በአንድነት ሲታዩ ነው። በሌላ በኩል ሰፊው ክፈፍ ብቻውን የሟቹን እናት ፊት አያሳይም። ስለዚህ አደጋን የሚመዘግብ ሰው ሁለቱንም ይሻል፤ የትኛውን መቼ እንደተጠቀመም ማወቅ አለበት።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ የሆነውም ይህንኑ ይመሰክራል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተከፈተች፤ በአንዳንድ ስፍራም የመክፈቱ መጠን እስከ 8 ሜትር ደረሰ። ይህን ስፋት የለካው በምድር ላይ የቆመ ሌንስ አልነበረም፤ ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በራዳር ነው። ለሕዝብ በብዛት የተሠራጩት ፎቶግራፎች ግን ከቅርብ የተነሣ ስንጥቅ ያሳዩ ነበር። ጫፉና ጫፉ የማይታይ ስንጥቅ ለዓይን ያስፈራል፤ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ግን አይናገርም። ዳጉ የሚቀበል አርብቶ አደር የመጀመሪያ ጥያቄው «እስከ የት?» የሚል በሆነ ነበር።

ባዶነት ሁሉ ግን የስሕተት ልጅ አይደለም። አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. ለዎተርኤይድ ያዘጋጀችው «የውሃ ሕይወት» የተሰኘ የፎቶግራፍ ተከታታይ በአፋር በዳሎል የተነሳ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ምድር ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሴቶች ቀለም ተቀብተው፣ በደማቅ ልብስና በውሃ መቅጃ ታጅበው እንደ ተውኔት ገጸ ባሕርያት ቆመዋል። ሜዳው ባዶ ነው፤ ነገር ግን ባዶነቱ መድረክ መሆኑ በግልጽ ተነግሯል። ማንም ተመልካች «የአፋር ሴት እንዲህ ብቻዋን ትኖራለች» ብሎ አይታለልም፤ ስለ ውሃ እጦትና ስለ ሴት ሸክም የተቀነባበረ ንግግር መሆኑን ያውቃል። ከያኒዋ ለባዶነቱ ኀላፊነት ወስዳለች። እዚህ ላይ ሐያሲው ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ምልክት ቢጽፍ ሥራውን ሠራ ይባላል። የሰርዶን መንገደኛ በጠባብ ሴንሰር ከባልንጀሮቹ ነጥሎ ባነሳ ፎቶግራፍ ላይ ያንኑ ቢጽፍ ግን የጻፈው ስለ መሣሪያው ነው።

የሚያስፈልገው ሥርዓት

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ፎቶ አንሺው የካሜራውን ሴንሰር ወርድ እንደ ስሙ ይወቅ። በአንድ ካሜራና በአንድ ቋሚ ሌንስ የሚሠራ ሰው ሜዳ ላይ ወጥቶ በ10 እርምጃ ርቀት ሁለት ድንጋይ ያስቀምጥ፤ ክፈፉ ስንት እርምጃ እንደሚይዝ በእግሩ ይለካ። ይህን አንድ ጊዜ የለካ ሰው ካሜራውን ሳያነሳ በፊት ምን እንደሚቀር ያውቃል፤ ያወቀውን ማስቀረትም ምርጫ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በዐውደ ርእይና በመጽሐፍ ላይ የሌንሱ ቁጥር ብቻ ሲጻፍ የሴንሰሩም መጠን አብሮ ይጻፍ፤ ያለበለዚያ ቁጥሩ ጌጥ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሐያሲው ስለ ክፈፍ ትርጉም ከመናገሩ በፊት ፎቶ አንሺው የት ቆሞ ነበር፣ ምን ይዞ ነበር፣ ከጎኑ ምን ነበረ ብሎ ይጠይቅ።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። በሰርዶ ጎዳና ዳር የሚገናኙ ሁለት መንገደኞች ካሜራ ሳይኖራቸው ሲጠያየቋቸው ኖረዋል። ከመካከላቸው አንዱ ዘጠኝ ግመል አየሁ ቢል ሌላው ዘጠኙን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ «ከኋላቸውስ?» ብሎ ይጠይቃል። የፎቶግራፍ ሒስም መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው።